በሁለት ሰው የሚከፈት ክፍል

ሰኞ ጠዋት ለሊሴ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ያየችውን ማመን አቃታት። የመረጃ ማዕከሉ ውስጠኛ ክፍል እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተከፍቷል። ከፋቾቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አቶ ሸዋንዳኝ፣ ሁለተኛዋ ራሷ ለሊሴ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ዶርዜ፣ የጓደኛዋ ሰርግ ላይ እየጨፈረች ነበር።

ለትምህርት ከነቀምት አርባ ምንጭ መጥታ እዚያው ከቀረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን የብዙ ሺህ ሰዎች የግል መረጃ በሚቀመጥበት ማዕከል ከፍተኛ የሳይበር ደህንነት አርክቴክት ናት። እዚያ ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ ቦርሳ ሲገባም ሲወጣም ይፈተሻል። ውስጠኛውን ክፍል አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው፣ ሁለት ካርድና ሁለት የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አድርጋ የነደፈችው እሷ ናት። ካርዶቹ ከግቢው አይወጡም፤ የሚቀመጡት በኃላፊው በአቶ ሸዋንዳኝ ካዝና ውስጥ ነው።

ምን እንደተወሰደ ፈለገች። ምንም አልተወሰደም። የታየው የአንዲት ሴት መዝገብ ብቻ ነው፦ ማዕዶት ሸዋንዳኝ፣ ምዕራብ ዓባያ።

ተነስታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደች።

«ጋሼ፣ እሑድ እዚህ ነበሩ?»

አቶ ሸዋንዳኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነበርኩ።»

«የእኔን ቁጥር ከየት አገኙት?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ ስትነኪው አያለሁ። መጀመሪያ ሳላስበው ነው የያዝኩት።»

ለሊሴ ተቀመጪ ሳትባል ወንበሩ ላይ ወደቀች። ያንን ክፍል ስትነድፍ በግቢው ያለውን ሰው ሁሉ፣ ራሷን ጭምር፣ በወረቀት ላይ ተጠራጥራ ነበር። የእሳቸው ስም ላይ ስትደርስ ግን አልፋው ሄዳለች።

«የማልፈልገውን ሰው አገባሽ ብዬ ልጄን ከቤት አስወጣኋት» አሉ። «ስድስት ዓመት ሆነ። ዓረብ አገር ሄደች ያሉኝ አሉ፤ ሞታለች ያሉኝም አሉ። ለካ እዚሁ፣ የመኪና አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ናት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትከፍቺልኝ ነበር?»

«አልከፍትም።»

«አውቃለሁ።»

«ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ጋሼ።»

የካዝናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ፊቷ አስቀመጡላት።

እኩለ ቀን ላይ መርማሪዎች ደረሱ። እሷንም ሦስት ቀን ጠየቋት፤ ያዳናት የሰርጉ ፎቶ ነው። የነደፈችው ሥራ የት ላይ እንደተሳሳተ ራሷ ጽፋ ፈረመች። አቶ ሸዋንዳኝ ከሥራ ታገዱ።

በደንቡ መሠረት መዝገቡ ያለፈቃድ የታየበት ሰው ሊነገረው ይገባል። በሳምንቱ ለሊሴ ምዕራብ ዓባያ ሄደች። ማዕዶትን ያገኘቻት መንገድ ዳር፣ ልጅ አዝላ ሙዝ ስታስጭን ነው።

«የመረጃ ማዕከላችን ሠራተኛ አድራሻሽን ያለፈቃድ አይቷል። ለሌላ ሰው አልሰጠም። ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ስሙን ግን ልነግርሽ አልችልም።»

ማዕዶት ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እኔን ማን ይፈልገኛል?» አለች። ወደ ለሊሴ ጠጋ ብላ፣ «ሽማግሌ ነው?»

ለሊሴ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ያ ራሱ መልስ ሆነ። ማዕዶት አፏን በመዳፏ ይዛ በተቆለለው ሙዝ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ አይደለሽም ብሎኝ ነበርኮ! ታሰረ?»

«ገና አልተወሰነም።»

ማዕዶት እስክሪብቶ ለመነችና በካርቶን ቁራጭ ላይ ስልክ ቁጥሯን ጻፈች።

«ይኼን ኮምፒውተር ውስጥ እንዳታስገቢው። በእጅሽ ስጪው።»

ለሊሴ በዚያው ቀን አደረሰችላቸው። አቶ ሸዋንዳኝ ቁጥሩን እያዩ ቆዩ፤ ስልካቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሏት። «አንቺ ደውዪልኝ።»