የትንሿ ጦጣ እናት

የኔሰው በሞጣ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ ፊልም የሚተረጉም ሰው ነው። ከተማው የሚወደው የካርቱን ስቱዲዮ በሠራው ፊልም ውስጥ፣ ሽማግሌው ኤሊ ለትንሿ ጦጣ የእናቷን መርዶ ሲነግራት፣ የኔሰው ፊልሙን የሚያዩት ሕፃናት አሳዝነውት «እናትሽ ባሕር ዳር ሄዳለች፤ ትመጣለች» ብሎ ዋሸ። ከዚያ ወዲህ ሞጣ ቀጣዩን ፊልም «እናቲቱ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበቀ።

ፊልሙ የመጣ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የኔሰው «ዛሬ ጉዴ ፈላ» እያለ ማይኩን ጨበጠ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የትንሿ ጦጣ ቤት በር ተከፈተና እናቲቱ ራሷ ገባች! ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የኔሰው ግን ክው ብሎ ቀረ። መርዶውን በገዛ ጆሮው ሰምቷል እኮ!

«ተርጉም እንጂ!» ብለው ጮኹበት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እትዬ ባንቺዓለም። «ትመጣለች ያልከን አንተው፤ የምትደነግጠውም አንተው?»