የከንቲባው ምስክሮች

ከተማዋ ገና የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበራት፤ መንገዷ በኖራ የተሰመረ፣ ማዘጋጃ ቤቷ የቀለም ሽታው ያለቀቀው፣ ከንቲባዋም የተሾመ ግን ገና ያልማለ። መሐላው ሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት ታዲያ፣ ልጆቼ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ «የከተማዋ መታወቂያ የሌለው ሰው አይምልም፤ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል» የሚል።

ከንቲባው እየሳቀ መዝገብ ክፍል ገባ። መዝጋቢዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ፣ ጡረታ የደረሱ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ እስቲ አንድ መታወቂያ ይጻፉልኝ።»

«መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሁለት ነዋሪዎች ለምስክርነት ያምጡ፣ ክቡር ከንቲባ።»

«እስካሁን ስንት ሰው ሰፍሯል?»

«ማን መስክሮለት?»

«ይህን መመሪያ የትኛው ደንቆሮ ነው ያወጣው?»

ወረቀቱን አዞሩለት። ፊርማው የራሱ ነበር።

«በቃ፣ ይሰረዝ።»

«የሚሰርዘው የማለ ከንቲባ ነው።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የመሐላውን ሱፍ እየተኮሰች ነበር።

«እዚሁ የተወለደ ሰው ያለ ምስክር ይመዘገብ የለ? እሱን ፈልግ» አለችው።

«በሦስት ሳምንት ማን ይወለዳል?»

«የዘበኛህ ሚስት መንታ ወልዳለች። አንተ መች ትሰማለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት መዝጋቢዋን ከነመዝገባቸው ይዞ ዘበኛው ቤት ደረሰ።

«ተኝተዋል፤ ነገ ተመለሱ» አለች አራሷ ከመጋረጃው ወዲያ።

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ይህችን ቃል ከንቲባው ራሱ ነው ያስጠናው፤ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር በር ላይ እንዲላት።

«ነፍሰ ጡር ሆኜ ለቧንቧ ውሃ ማዘጋጃ ቤት አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ» ብላ ቀጠለች። «ልጆቼ ውሃ ሳይገባ አይነቁም።»

እሑድ ከንቲባው ከቆፋሪዎቹ ጋር አካፋ ይዞ ዋለ። ሰኞ በማለዳ ውሃው እያጉረመረመ መጣ፤ መንትዮቹም ነቁ። መዝጋቢዋ መጀመሪያ ስማቸውን መዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ ቀጥለውም የምስክር ቅጹን ዘረጉ።

«አመልካቹን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?» ብለው አነበቡና ራሳቸው መለሱ፤ «ከተወለዱ ጀምሮ።» ሁለቱን ትንንሽ አውራ ጣቶች ቀለም አስነክተው አሳረፉ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። «ስለ ጠባዩ ምን ይላሉ?»

መንትዮቹ እኩል አለቀሱ።

መዝጋቢዋ ብዕራቸውን አንስተው ከንቲባውን በመነጽራቸው አናት አዩት።

«እንዳሉት ልጻፈው፣ ወይስ ነገ እንመለስ?»