የጃለኔ ደረት ፉጨት

ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ጃለኔ ባኮ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ ስትሮጥ በድንገት ሳል ይዟት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተነፈሰች ቁጥር ደረቷ ያፏጫል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሚስቴ ገበያ እንደወጣች፣ አማቴ አዴ ጌጤነሽ «እንጥሏ ወርዷል» አሉና እንጥል ቆራጩን ኦቦ ሙለታን አስጠሩ።

ኦቦ ሙለታ ጫፉ የተቆለመመ ቢላውን እሳት ላይ ለበለበው። የሚስቴ ወንድም ቶኩማ ልጄን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ አፏን በጣቶቹ ፈለቀቀ። ድዷ ደማ። ጮኸች፤ ጩኸቷ ግን ተቆረጠና ከንፈሯ ጠቆረ።

«ተዋት» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው።

«ዝም በል አንተ ሙሽራ!» አለ ቶኩማ። «ከሠርግህ ጀምሮ ያልተናገርከውን ዛሬ ልትናገር ነው?»

ቢላው ሲጠጋት የኦቦ ሙለታን ክንድ ጠመዘዝኩ። ስለቱ መዳፌን ሰነጠቀው። ቶኩማ ዱላውን አንስቶ ጀርባዬን፣ ቀጥሎም ጆሮዬን መታኝ። በግንባሬ አፍንጫውን ገጨሁት፤ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ልጄን ነጥቄ ሮጥኩ።

ክሊኒክ ስደርስ ሲስተር ዶርቃስ ደሙን አይታ «የትኛችሁን ነው የማየው?» አለች።

«እሷን።»

«ትኩሳት አላት? ንፍጥስ?»

«የላትም። ትናንት ነው በድንገት የጀመራት።»

ማዳመጫውን ደረቷ ላይ እያዟዟረች ቆየች። «በግራ በኩል አየር ይገባል። በቀኝ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሳሉ ሲይዛት ምን እየበላች ነበር?»

የበቆሎ ቆሎ ነበር። የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እየበላች ያሯሯጥኳትም እኔ። አዴ ጌጤነሽ «ጥርሷ ሳይበረታ ቆሎ እንዳትሰጣት» ብለውኝ ስለነበር አፍሬ ከትናንት ጀምሮ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

አሁን ለሲስተሯ ነገርኳት።

«ፍሬው ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። እንጥሏን ብትቆርጧት ደሙም ተከትሎት ይገባ ነበር። ማውጫው መሣሪያ አዲስ አበባ ነው፤ በአምቦ በኩል ቶሎ ሂዱ።»

ቶኩማ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። አፍንጫው ይደማል። ዱላውን ሰንዝሮ ትከሻዬን መታኝ።

«ይቺ ለዝምታህ!» አለ።

ከዚያ ወደ አስፋልቱ ሮጦ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ፊት ቆመና የመኪናውን በር በዱላው ደበደበ። «አቁም! ልጅ እየሞተች ነው!» ሾፌሩ እየተሳደበ አቆመ።

በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ግማሽ ፍሬ በቆሎ አወጣላትና በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠን። ቶኩማ መሬት ላይ ጣለው፤ በተረከዙ አደቀቀው። ጃለኔ ያለ ፉጨት ተኝታለች።

«ቆሎውን ማን እንደሰጣት ለእናቴ አንተ ራስህ ትነግራታለህ» አለኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።