የራሷ መስመር

ስልኩ ሲጮህ ዘነበወርቅ በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ፣ አልትሽቴተን በሚባል ባቡር ጣቢያ ቆማ ነበር። ከቢሮ ጽዳት ሥራዋ ወጥታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። ቁጥሩ የአዲስ አበባ ነው፤ ግን አታውቀውም።

«እኔ ነኝ» አለ ታናሽ ወንድሟ ደጀኔ። «የሰው ስልክ ነው፤ ቶሎ ልንገርሽ። ከእንግዲህ በኢንተርኔት እንዳትፈልጊኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«ትናንት ሁለት ሰዎች የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ጨዋ ናቸው፤ ሻይ ጋበዙኝ። አንደኛው ስኳሩን እያማሰለ ‹የሱዳን ሙቀት ላንተ አይሆንም› አለኝ። ዘነቡ፣ ከፋሲካ በኋላ በመተማ በኩል እወጣለሁ ያልኩሽን ቃል በቃል ደገሙልኝ። አንቺ ‹ትርፍ መነጽር ያዝ› ያልሽኝን እንኳ አልተዉም።»

አፏን ሳትከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ባቡሩ መጣ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ተሳፈረ፤ ባቡሩ ሄደ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች።

ደጀኔ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከየሰፈሩ ታፍሰው ደዴሳ ወታደራዊ ካምፕ ከተወሰዱት ወጣቶች አንዱ ነበር። ከወራት በኋላ ለቀቁት፤ ግን ጨርሰው አልለቀቁትም። በየጊዜው ይጠሩታል፤ «እንዴት ነህ?» ይሉታል፤ ያስፈራሩታል። ዘነበወርቅ በምርጫው የተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆና ስለነበር፣ ስሟ መነሳት ሲጀምር ቀድማ ወጥታ ዙሪክ ጥገኝነት አገኘች። ዓመታት አለፉ። ወንድምና እህት እሁድ እሁድ በኢንተርኔት ይገናኙ ነበር፤ እሱ ከአብሮ አደጉ ከተሻገር ኢንተርኔት ቤት፣ እሷ ዜባህ በሚባል የዙሪክ ሰፈር ካለችው አንድ ክፍል ቤቷ። የመተማውን ነገር ለማንም አልተነፈሰችም። ታዲያ ማን ሰማ?

በሚቀጥለው ባቡር ተሳፍራ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ አንድ ስም መጣባት። ጋሼ ግዛው።

ጋሼ ግዛው ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ፖስታ ቤት ጥቅል ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ። እሷ ወደ ሕንፃው የገባች ሰሞን «ለብቻሽ ኢንተርኔት ምን ያደርግልሻል ልጄ? የእኔው ወለሉን አልፎ ይደርስሻል» ብለው የይለፍ ቃሉን ሰጥተዋት ነበር። ደረጃ ላይ ሲያገኟት «ወንድምሽ ደህና ነው?» ሳይሉ አያልፉም። እስከ ዛሬ ይህ ጥያቄ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን አስፈራት። ስታወራ የኖረችው ሁሉ የሚያልፈው እሳቸው ቤት በተቀመጠ ሞደም አይደለም? ደግሞስ በየዓመቱ አገር ቤት ገብተው ማንም ሳይነካቸው የሚመለሱት በማን ቸርነት ነው?

ሕንፃው ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ደረጃውን ወጣች፤ ኮቴዋን እንዳይሰሙ። ቤት ገብታ ኮምፒውተሯን ነቀለች፤ ካሜራው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈች። ስልኳንም በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ የሚሰማውን የእግር ድምፅ ታዳምጥ ጀመር። ጋሼ ግዛው ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ። ለምን ቆሙ?

በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ ቅዳሜ በባቡር ጄኔቭ ወረደች። የወይንሐረግ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ የስደተኞች መጠለያ አብረው የከረሙ ናቸው። አሁን ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ኦ ቪቭ በሚባል የከተማው ሰፈር ትኖራለች። የወይንሐረግ ፊቷን አይታ «ቤት ውስጥ አናወራም» አለችና ወደ ሐይቁ ዳር ይዛት ወጣች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዘነበወርቅ ነገሩን መናገር እንደ ጀመረች፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ዘነበወርቅ ንግግሯን አቋረጠች። ሰውዬው ውሻውን እየጠበቀ ኖሮ፣ ውሻው ሲመጣ ይዞት ሄደ። የወይንሐረግ ግን ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አልተናገረችም።

«ያ ሽማግሌ ድሮም አላማረኝም» አለች በመጨረሻ። «ሲበዛ ደግ ነው። በነፃ የሚሰጥ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል።»

«ቀስ በይ። እርግጠኛ አይደለሁም እኮ።»

«እርግጠኛ እስክትሆኚ ወንድምሽ ይበላ? ስሚኝ፤ የራስሽን ሞደም ግዢ። አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ሰው የነካውን እንዳትቀበዪ። ማንም እንዲገጥምልሽም አትፍቀጂ፤ ራስሽ ግጠሚው።»

«እሺ። ግን ለማንም እንዳትናገሪ የወይን፤ አደራ።»

«እኔ? ምን ሆነሻል!» አለች የወይንሐረግ።

ዘነበወርቅ ሰኞ ዕለት የራሷን መስመር ለማስገባት ተነሳች። የሕንፃው የኬብል ድርጅት ደንበኛው የራሱን ሞደም እንዲያስገባ እንደሚፈቅድ፣ የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበልም ጠይቃ ተረዳች። ከዚያ አልትሽቴተን ወደሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገባች። ሻጩ መደርደሪያው ላይ ፊት ለፊት ያለውን ሲያነሳላት «እሱን አይደለም፤ ከኋላ ያለውን» አለችው። ሰጣት። ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ ግን ለእሷ ተብሎ የተቀመጠ እንዳይሆን ፈራች።

«ለዋስትናው ስምና አድራሻዎን ይንገሩኝ» አላት።

«ዋስትና አልፈልግም።»

«ነፃ ነው እኮ።»

«ነፃም ቢሆን አልፈልግም።» ሳጥኑን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

የግድግዳው ሶኬት ቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበር። ቁም ሣጥኑን በትከሻዋ ገፍታ አወጣችው። አንዱ ቀዳዳ የቴሌቪዥን፣ አንዱ የሬዲዮ፣ ሦስተኛው የኢንተርኔት ነው። ወፍራሙን ገመድ በሦስተኛው ሰክታ፣ ሌላውን ጫፍ ከሞደሙ ጀርባ በጣቷ አጥብቃ አሰረችው። ኤሌክትሪኩን ስትሰካ የመጀመሪያዋ መብራት በራች። ሁለተኛዋ ግን ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ብልጭ ትላለች። ነቅላ ሰካች። ያው ነው። በያቺ መብራት አንድ ሰው ከማዶ ሆኖ በዓይኑ የሚጠቅሳት መሰላት።

ድርጅቱ ጋ ስትደውል፣ አንዲት ሴት ከሞደሙ ሆድ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንድታነብላት ጠየቀቻት። ዘነበወርቅ ቁጥሩን እያየች ዝም አለች።

«እዚያ አሉ?»

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ካልመዘገብኩት ሞደምዎን መስመሩ አያውቀውም።»

እየተንተባተበች አነበበችላት። ሴትዮዋ መዝግባ ሞከረችና፣ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ሠራተኛ እንደሚልኩ ነገረቻት። ማንም እንዲገጥምልሽ አትፍቀጂ የተባለችው ዘነበወርቅ፣ ሌላ መላ አልነበራትምና እሺ አለች።

ሠራተኛው የመጣ ዕለት በሩ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየች። መሣሪያ የያዘ ነጭ ሰው ነው። «ወይዘሮ ዘነበወርቅ!» ብሎ ተጣራ። ስሟን ስትሰማ ፈራች። ሰንሰለቱን ሳታወልቅ በሩን ገርበብ አድርጋ የሥራ ካርዱን ጠየቀችው፤ አሳያት። ያን ጊዜ ከጀርባው፣ ከደረጃው ላይ፣ ጋሼ ግዛው ሲወርዱ አየች።

«ዘነቡ! ምነው ጠፋሽ?» አሉ እየሳቁ። «ኢንተርኔቱ አስቸገረሽ እንዴ? የዚህ ቤት ገመድ ሳጥን ምድር ቤት ነው ያለው፤ ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ ላሳየው።»

«አያስፈልግም!»

«አይ፣ ምንም አያስቸግረኝ፤ እኔ...»

«አያስፈልግም አልኩ! እባክዎ ከገመዴም ከነገሬም ይራቁ!»

ድምፅዋ ደረጃውን ሞላው። ሠራተኛው አማርኛ ባይሰማም ዓይኑን ሰበረ። የጋሼ ግዛው ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ቁልፉን የደረጃው ድጋፍ ላይ አስቀምጠው፣ ብረቱን ተደግፈው ወደ ላይ ተመለሱ። የወይንሐረግ ለዙሪክ ጓደኞቿ ነግራ፣ ጋሼ ግዛው ጠቋሚ ናቸው የሚለው ወሬ ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ መሰንበቱን ዘነበወርቅ ገና አላወቀችም። እሳቸው ግን በዚያች ቅጽበት ወሬው ከማን እንደ ተነሳ አወቁ።

ምድር ቤት የላላ ማያያዣ ኖሮ ሠራተኛው አጠበቀው፤ ሞደሙም ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ሳይቆራረጥ በራ። ዘነበወርቅ ረጅም የይለፍ ቃል አወጣችለት። አሁን የራሷ መስመር አላት። በዚያ መስመር የምታገኘው ሰው ግን አልነበረም። ደጀኔ ጠፋ። ፋሲካ መጣ፤ አለፈ። በየቀኑ ከሥራ መጥታ ኮምፒውተሩን ከፍታ ስሙን ታያለች። መስመር ላይ የለም። እስር ቤት ይሆናል፤ በረሃ ላይ ወድቆ ይሆናል፤ መነጽሩ ተሰብሮበት መንገድ ስቶ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ጮኸ። ደጀኔ ነው። ከስቷል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ካርቱም ነኝ» አላት።

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ሲረጋጉ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ሲሰማን የነበረው ተሻገር ነው።»

«የቱ ተሻገር? ጓደኛህ?»

«አዎ። ኢንተርኔት ቤቱን እንዘጋብሃለን፣ አንተንም እናስገባሃለን ብለውት፣ እኔ ስቀመጥ ከግድግዳው ማዶ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ራሱ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። ‹ነገ ሊወስዱህ ነው፤ ዛሬውኑ ሂድ› ብሎ መኪና ያገኘልኝም እሱ ነው። አሁን የት እንዳደረሱት አላውቅም።»

ዘነበወርቅ የወንድሟን ፊት እያየች ነበር፤ የታያት ግን ደረጃው ላይ የጠፋው የሽማግሌው ሳቅ ነው።

እንደ ጨረሱ ወደ ላይ ወጣችና አንኳኳች። ጋሼ ግዛው በሩን ከፈቱ፤ ግን በሩ ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ።

«ምን ልታዘዝ፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ? ምን ፈለጉ?»

አንቱ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። የአባቷ እኩያ የሰደባት ያህል ተሰማት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። በድዬዎታለሁ።» ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጁ ተርፏል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሰላምታ ስሰጥ እጅ ይሰጡኛል እንጂ ዓይን አይሰጡኝም። በደርግ ጊዜ ጎረቤቴ በጥርጣሬ ብቻ ጠቁሞኝ ነው አገሬን የተውኩት። እዚህ ደግሞ በስተርጅና ጠቋሚ ተባልኩ። እኔስ ይቅር እላለሁ። የወጣውን ቃል ማን ይሰበስበዋል?»

«እኔ እሰበስበዋለሁ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናን አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ተነሳች። ጋሼ ግዛው ንጹሕ ሰው እንደሆኑ፣ እሷ በፍርሃት እንደ ሳተች ተናገረች። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ሁለቱም ዘነበወርቅን በአዘኔታ አዩዋት።

ቤቷ እንደ ገባች የወይንሐረግ ከጄኔቭ በኢንተርኔት ደወለችላት። ፊቷ ደንግጧል።

«ሰማሁ። ያ ሽማግሌ ምን አደረገሽ? አስፈራራሽ?»

«ማንም አላስፈራራኝም የወይን። እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ወንድምሽን ይዘው ነው? ሽማግሌው ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

«ደጀኔ ካርቱም ነው! ደህና ነው! የጠቆመው ሰው ሌላ ነው፣ ጋሼ ግዛው እኮ ምንም...»

የወይንሐረግ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በቃ፤ በዚህ መስመር አትንገሪኝ» አለች በሹክሹክታ። «ገብቶኛል።»

ምስሉ ጠፋ። ዘነበወርቅ ደጋግማ ደወለች፤ የወይንሐረግ አላነሳችም።