ሰላጣ መስሏት ነው

እኛ መሥሪያ ቤት በምሳ ዕቃ ሰላጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በመስታወት ቤቱ የምናበቅለውም ሰላጣ ነውና፣ ቢደባለቅ የገበያውንና የኛን በዓይን መለየት አይቻልም። የኛው ከሰው የተወሰደ ዘረመል (ጂን) ገብቶበት የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉትን ኢንሱሊን በቅጠሉ ያመርታል። አንዲት ቅጠል እንኳ ከግቢው አትወጣም።

ቅጠሉ አይወጣም፤ ወሬው ግን በኔ አፍ ይወጣል። ባለፈው እሁድ እናታችን ቤት፣ የታላቅ እህቴ ልጅ ከምሳ በፊት ሆዱን ገልጦ መርፌውን ሲወጋ አየሁና፣ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ አክስትህ እያለች! መርፌ ቀርቶ ቅጠል የምትበላበት ቀን ደርሷል" አልኩት። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እህቴ ብቻ አላጨበጨበችም፤ አፍ አፌን ታየኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከተጨበጨበልኝ ልኬን አላውቅም፤ "ደርሷል" ያልኩትን "ገና ነው" ብዬ አላረምኩም።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤታችን ለቤተሰብ ጉብኝት ተከፈተ። እህቴን ነጭ ካፖርት አልብሼ በየመደዳው አዞርኳት። ስንወጣ በሩ ላይ ሁሉም ካፖርቱን አውልቆ ይፈተሻል። ተራዋ ደርሶ ፈታሿ ክንዷን ዳበስ ስታደርግ፣ ከሹራቧ እጅጌ ቅጠሎች ዱብ ዱብ አሉ። ግራ እጇን ጭብጥ አደረገች፤ የደነገጠች መሰለኝ።

የክፍላችን ኃላፊ ጎንበስ ብሎ ቅጠሎቹን አነሳ። "ይሄ መድኃኒት ነው ብሎ የነገረዎት ሰው አለ?" ሲላት ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። አለ ብትል፣ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝና ያን ቀን ከሥራ መባረሬ ነው።

"የምን መድኃኒት ጌታዬ? ሰላጣ መስሎኝ ነው እንጂ!" አለች እህቴ። "ለምለም ሆኖ ሳየው ለእራት ብዬ ነዋ። አይ የኔ ነገር፣ ሆዴ አዋረደኝ!"

የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ኃላፊውም ስቆ አሳለፋት። አንዱማ "ዘይትና ሎሚውንስ የት ደበቁት?" አላት። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

እህቴ ካልለመኗት የሰው ቤት ውሃ እንኳ የማትጠጣ ሰው ናት። ለኔ ስትል ያን ያህል ሰው ፊት ሆዳም ሆነች። አፈርኩ፤ ግን ማፈሬ አፌን አላስከፈተኝም።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አውቶቡስ መቆሚያ ሸኘኋት። ሰው አለመኖሩን አየችና ጭብጧን ፈታችው። አንዲት ቅጠል ጠውልጋ ተቀምጣለች።

"ይቺን አላገኟትም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ጥሬዋን ነው የሚበላት ወይስ ትቀቀል?"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "እትዬ፣ እንዲሁ ቢበላት መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ተፈጭቶ ነው የሚቀረው። ገና መጣራት፣ መሞከር አለበት። ዓመታት ይፈጃል። መርፌውን እንዳታስቀሪበት።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ከዛሬ ማታ ጀምሮ መርፌ የለም ብዬው ነው የወጣሁት" አለች። "ማታ መጥተሽ አንቺው ትነግሪዋለሽ። እኔ ሰላጣ መስሎኝ ነው ብያለሁ። አንቺ ምን መስሎሽ ነው ትይዋለሽ?"

አውቶቡሱ መጣ። ቅጠሏን መዳፌ ላይ አስቀምጣልኝ ተሳፈረች። ማታ ልጁ ዘንድ መሄዴ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ቅጠሏን ይዤ መንገዱን መልሼ መሻገርና እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በሩ ላይ ያሉት ገና በእህቴ እየሳቁ ነው።