ሲመቻት የምትሰማው ልጅ

የኔታ ገብረአብ ልጅ መምታት አይወዱም ነበር። ግን መቱ። ያውም የሟች ጓደኛቸውን ልጅ፣ ያውም ሁለት ወር ሙሉ።

ጣሊያን ደብረ ብርሃን ላይ ከሰፈረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የወለተሐና አባት ቄስ ብርሃነ መስቀል አንኮበር መንገድ ላይ ተገድለው፣ ለሚስታቸው ለወለተ ጊዮርጊስ የቀራት ነገር ቢኖር አንዲት ልጅና አንድ የብራና ዳዊት ነው። ልጇን ይዛ ቆላ ወርዳ ከረመች፤ ነገሩ ጋብ ሲል ተመልሳ ልጅቷን የኔታ ፊት አቆመቻት።

«ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል የሚለኝ ሞልቷል» አለች። «እኔ ግን ያንን ዳዊት የአባቷ ልጅ እንድትደግመው እፈልጋለሁ። ቆላ ሳለን ንዳድ ይዟት ነበር፤ አሁን ድናለች።» የኔታም ደስ ብሏቸው ተቀበሏት።

እሳቸው ዘንድ ንባብ ማለት ድምፅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሃያ ልጅ ባንድነት ይጮኻል፤ ያልጮኸ አልተማረም። ፊደል የሚጠቁሙባት ቀጭን የወይራ ልምጭ አለቻቸው፤ መግረፊያቸውም እሷው ናት። ወለተሐና ታዲያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጎረቤቷን በዓይኗ ትከተላለች። ከሩቅ ሲጠሯት ዝም። አጠገቧ ቆመው ሲጠይቋት ደግሞ ቀና ብላ ጥርት አድርጋ ትመልሳለች። የኔታን ያበገናቸው ይኸው ነው። ጨርሶ ባትሰማ ኖሮ ይገባቸው ነበር። «ሲመቻት ትሰማለች፣ ሳይመቻት ድንጋይ ናት» ይላሉ፤ ከዚያ «መዳፍሽን አምጪ!»

አንድ ጠዋት ቅጣቱን ለወጡና ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አዙረው፣ ፊደሏን ጭኗ ላይ አድርገው አስቀመጧት። ልጆቹ እየጮኹ ሳለ ከደብረ ብርሃን በኩል የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ልጅ ሁሉ ብድግ ብሎ ከግቢው ዳር ወዳለው ቋጥኝ ሥር ሮጠ። የኔታም ሮጡ፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ከልጆቹም ቀደሙ። ቋጥኙ ሥር ሆነው ዘወር ሲሉ ወለተሐና ከግንቡ ፊት ለፊት ብቻዋን ቁጭ ብላለች። በስሟ ጠሯት። ደግመው ጠሯት። ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ። ልጅቷ ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረች ነበር።

አውሮፕላኑ ምንም ሳይጥል አለፈ። አናቷ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ቀና ያለችው፤ ከዚያ ዞር ብላ ባዶውን ግቢ አየች።

የኔታ ያን ጊዜ ገባቸው። የገባቸውን ግን ለማንም አልተናገሩም። ሃያ ልጅ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ከአውሮፕላኑ ይልቅ አስፈራቸው፣ እኚያን የመሰሉ ሽማግሌ። ይልቅስ እናቷ ዘንድ ሄደው፣ «ልጄ፣ ለልጅሽ ትምህርቱ አልሆነላትም፤ ቤት ትዋል» አሏት።

ወለተ ጊዮርጊስ አልተከራከረችም። ገብታ ዳዊቱን ከነማኅደሩ አወጣችና አስታቀፈቻቸው። «እንግዲያ ለቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት። የሚደግመው ከሌለ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል» አለች።

ወሰዱት! ሦስት ቀን ቤታቸው አስቀመጡት። ጠዋት የራሳቸውን ዳዊት ሊደግሙ ሲሉ አፋቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ዓይናቸው ወደ ጓደኛቸው ማኅደር እየሄደ አስቸገራቸው። በአራተኛው ቀን ዳዊቱን አንግተው፣ ፊደሉንና ልምጯን ይዘው ተመለሱ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ገና በር ላይ ቆመው። «ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። ንዳዱ ጆሮዋን ጎድቶታል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ደበደብኳት።»

ወለተ ጊዮርጊስ አቀረቀረች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ብናገር አይቀበሏትም ብዬ ደበቅሁ። ከእርስዎ ስትመለስ መዳፏን ቅቤ እየቀባሁ፣ በማግስቱ መልሼ እልካት ነበር።»

የሁለቱም ኀፍረት እዚያው በሩ ላይ ቆመ። የኔታም «ጥሪያት» አሉ። «ከእንግዲህ ለብቻዋ፣ በጆሮዋ ሥር ሆኜ አስተምራታለሁ። ዳዊቱንም ራሷ ትደግመዋለች።»

ወለተሐና መጣች። የኔታ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ፊደሉን ጭናቸው ላይ ዘረጉ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። ከዚያ የመጀመሪያዋን ፊደል ሊጠቁሙላት ልምጯን አነሱ።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘረጋች።

የኔታ ልምጯን የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው።