የኋላ ወንበር

ሐኪሟ ያለችኝን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። «የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ደም ካየሽ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ። ታክሲ አትጠብቂ። መኪና ውስጥ ተጋድመሽ ቀጥ ብለሽ ነይ።» ይህን የሰማሁት የእርግዝናዬን ስድስተኛ ወር ስጨርስ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጸዳጃ ቤት በገባሁ ቁጥር «እመቤቴ አደራሽን» ሳልል አልቀመጥም፤ ወጥቼም ልቤ እስኪረጋ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ።

ካዛንቺስ የምንኖርበት ቅያስ ደግሞ ላዳ ታክሲ እንኳን ሲጠሩት «እዚያ ውስጥ አልገባም» የሚልበት ነው። ስለዚህ መኪና ለመግዛት ተስማማን። እዚህ ድረስ እኔና ባሌ አንድ ልብ ነበርን።

ባሌ ተካ ጸጥ ያለ ሰው ነው። መሐንዲስ ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በበጋ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ዓይነት። ደላላው አባዲ ባምቢስ አካባቢ ሁለት መኪና ሲያሳየን የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። አንዱ ነጭ ኮሮላ ነው፤ አራት በር፣ የኋላ ወንበሩ ሰው እንደ አልጋ የሚተኛበት። ሌላው ቀይ ሴሊካ፤ ሁለት በር፣ ከኋላ ለመግባት የፊቱን ወንበር አጥፎ መሹለክ የሚጠይቅ፣ ገብተውም ጉልበትን አገጭ ላይ አድርገው የሚቀመጡበት የጎረምሳ መኪና።

«ቀዩን እንውሰድ» አለ ተካ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«የት ልጋደም ታዲያ? ኮፈኑ ላይ?»

«ሀዊዬ... ማለቴ፣ ሞተሩ ጠንካራ ነው። በቃ፣ ይሻላል።»

«ለማን?»

አባዲ ጥርሱን ገልጦ «እህቴ፣ ወንድ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ያምረዋል፤ ተይው ይውጣለት» አለኝ።

ተናደድኩ። ከንዴቱ ስር ግን ፍርሃት ነበር። ሐኪሟ ስትናገር ይህ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ይዞ ነበር። ያንን ሰምቶ ተጋድሜ የማልሄድበትን መኪና የሚመርጥ ምን ሆኖ ነው? ሴት ያዘ ይሆን አልኩ። ልጁን አይፈልገው ይሆን አልኩ። ይሄኛው ነው ከሁሉ የባሰብኝ።

«እሺ፣ ኮሮላውን አንዴ ንዳልኝ። እኔ ከኋላ እጋደማለሁ» አልኩት።

አባዲ የተካ የልጅነት ጓደኛ ስለሆነ ቁልፉን ሰጠን፤ «ዞር ዞር አድርጋችሁ መልሱት» ብሎ ቀረ። ከኋላ ገብቼ፣ ነጠላዬን አጥፌ ትራስ አደረግኩና በጎኔ ተኛሁ። ተካ መሪውን ከመያዙ በፊት የውስጥ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ፀሐይ ያንፀባርቅብኛል።»

ሰማዩ ደመና ነበር።

ወደ ኦሎምፒያ አቅጣጫ ወጣን። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ከተኛሁበት ይታየኛል። መሪውን ጨምድዶ ይዞታል። አኮረፍኩና ዝም አልኩ። ጥቂት እንደሄድን፦

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል?»

«ዝም አትበይ!» ብሎ ጮኸ። ከተጋባን ጀምሮ ጮኾብኝ አያውቅም። መኪናውን ዳር አስያዘና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«እትዬ ትበርህ ሆስፒታል በር ላይ አይደለም የሞቱት» አለ።

እትዬ ትበርህ የግቢያችን ሰው ነበሩ። ከዓመት በፊት ልባቸውን ሲያማቸው የኛ በር ተንኳኳ፤ ያን ጊዜ ተካ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ቤት ይዞ ያድር ነበር። መኪና ያለው ሰው የሰፈሩ ሁሉ ሰው ነው፤ ምጥ ሲመጣም፣ ሰው ሲታመምም እሱ ይጠራል። የእህታቸው ልጅ የሕክምና ካርዳቸውን ልታመጣ ወደ ቤት ስትመለስ እሳቸው ተካን «አፈነኝ፣ ሂድ ልጄ» አሉት፤ ብቻቸውን ይዟቸው ሄደ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆስፒታል በር ላይ ሞቱ ብሎ ነበር የነገረን፤ የማላውቀው ቀሪውን ነው።

«ኦሎምፒያ ጋ መንገዱ ተዘጋ» አለ ተካ። «‹አይዞዎት፣ ደርሰናል› እላቸዋለሁ። ስለ ልጆቻቸው አወራቸዋለሁ። አልመልስ ሲሉኝ ደክሟቸው ነው ብዬ ዝም ብዬ አወራለሁ። በመስታወቱ ሳያቸው ዓይናቸው ክፍት ነው፤ እኔን ነው የሚያየው። መቼ እንደሄዱ አላውቅም፣ ሀዊ። ሬሳ ነው ሳጽናና የነበረው።»

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ተካ በእጅጌው ሲጠርግ አይቼው አላውቅም።

«ቀዩ መኪና ሰው አያስተኛም። በሽተኛ አድርስልን የሚለኝ አይኖርም። አንቺን ደግሞ አባዲ ይውሰድሽ፣ አምቡላንስ እንጥራ፣ ማንም ይውሰድሽ። እኔ ብቻ አልሁን። ከኋላዬ ተኝተሽ ዝም ብትዪብኝ...»

እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ቀና አልኩ። ያኔ ነው ሙቀቱ የተሰማኝ። ቀሚሴን ዳበስኩ። እጄ ቀይ ሆኖ ወጣ።

«ተካ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «መጣ።»

ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን ከፈተና አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አደረገ። ሊሄድ ነው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው አልኩ። ሰው ሊጠራ ይሁን ሊሸሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

«መስታወቱን አውርደው» አልኩት። «እኔ ዝም አልልም። እያየኸኝ ንዳ።»

እግሩን መለሰ። መስታወቱን ሲያወርደው ከእጁ አመለጠው፤ እንደገና ያዘው። ዓይኑን አገኘሁት። ነጠላዬን ከራሴ ስር ስቤ ሰጠሁት። በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ፣ ፍሬቻውን ሁሉ አብርቶ፣ ክላክሱን ተጭኖ መንገዱ ውስጥ ገባ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

ኦሎምፒያ መጋጠሚያው ላይ ሚኒባሶቹ ተቆላልፈው ቆመዋል። ያው ቦታ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። ከስሬ ያለው እርጥበት እየሰፋ ነው። ልጁ በሆዴ ውስጥ አይንቀሳቀስም። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ በፍርሃቱ ላይ እንቅልፍ መጣብኝ፤ ከባድ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ። ትንሽ ብተኛ ምን አለበት ብዬ አሰብኩ።

«አለሽ?»

አፌን መክፈት ከበደኝ።

«ሀዊ! አለሽ?»

በመስታወቱ ዓይኑን አየሁት። እትዬ ትበርህን ያየበት ዓይን ይህ ነው አልኩ ለራሴ። አሁን ብተኛ ይህ ሰው ከዚህ መንገድ ዕድሜውን ሁሉ አይወጣም። ምላሴን ነከስኩ።

«አለሁ» አልኩ። «ቀዩን... አትገዛውም።»

ሳቀ ወይ አለቀሰ፣ አልለየሁም። ትራፊክ ፖሊሱ ነጠላውን አይቶ እያፏጨ መሀል ገባ፤ መኪኖቹ እየተገፋፉ ቀዳዳ ከፈቱልን። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጥያቄውን ብቻ ነው። አለሽ፣ አለሁ። አለሽ፣ አለሁ።

ልጃችን በቀዶ ሕክምና ወጣች። ሴት ናት፤ በሁለት መዳፍ የምትያዝ። ማሞቂያ ውስጥ ሳምንታት ቆየች። ኮሮላውን ገዛነው፤ ወንበሩን እንደዚያ አድርጎ ለሰው መመለስ ነውር ነበር። ቀዩን አንድ ጎረምሳ ወሰደው ብሎ አባዲ ነገረን።

ከሆስፒታል ይዘናት የወጣን ቀን ታቅፌያት ከኋላ ተቀመጥኩ። ተካ መስታወቱን እኛ ላይ አስተካከለ። ዝም ብለን ሄድን። ኦሎምፒያ ስንደርስ ጠየቀኝ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«እሷስ?»

ተኝታለች። ፎጣውን ገለጥ አድርጌ አየኋት። ደረቷ ሲንቀሳቀስ አልታየኝም። ጣቴን አፍንጫዋ ስር አደረግኩ። ምንም የለም። ተካ በመስታወቱ እያየኝ ነው። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ከዚያ ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽዬ ሙቀት መጣች።

«አለች» አልኩት።

ጣቴን ግን ቤት እስክንደርስ አላነሳሁም።